ባለቤት የሌለው ንፍፊት

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ታቦር ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ወርጄ፣ አንዲት ሴት የእንሶስላ ሥር ከነአፈሩ ማዳበሪያ ላይ ዘርግታ አገኘሁ። ጎንበስ ብዬ አንዱን አነሣሁና በጥፍሬ ቧጨር አድርጌ አሸተትኩት።

«ሰርግ አለብዎ እናቴ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«የለብኝም። ላሸተው ብዬ ነው።»

«ያሽትቱት እንግዲህ፣ ሽታው አያልቅ!» ብላ ሳቀችብኝ።

እንሶስላ ለሌላው ሰው የሰርግ ሽታ ነው። ሴቱ እጅና እግሩን ሞቆ፣ ጥፍሩን አቅልቶ ሙሽራ የሚያጅብበት ነው። እኔ ግን ያ እርጥብ አፈር አፈር የሚል ነገር አፍንጫዬ ሲገባ የሚሰማኝ ግራ ብብቴ ነው። ዛሬም እጄን ወደ ጎኔ ጠጋ አደርጋለሁ። ሽንኩርቱን ረስቼ ቤቴ ገባሁ።

ዕድሜዬን በትክክል አላውቀውም፤ ዘጠኝም ልሁን ዐሥር። የወተት ጥርሴ ረግፎ አልቋል፣ እንስራ ግን ገና አላሸከሙኝም፣ ውኃ የምቀዳው በቅል ነበር። በዚህ ነው የምገምተው። ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚወጣው በኩል፣ ጉናን ፊት ለፊት የሚያይ ተዳፋት ላይ ነበር። ነፋሱ አያድርስ ነው፤ ገብሱ እንኳ ከልጅነቱ ጎብጦ ነው የሚያድገው። እናቴ እኔን በወለደችበት ሳምንት ሞታለች። ያሳደጉኝ የአባቴ ታላቅ እህት፣ እቴቴ ጥሩወርቅ ናቸው። ባላቸው ሞቶ ወደ ወንድማቸው ቤት የተመለሱ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ወፈር ያለ ሴት ነበሩ። ስፌት ያውቃሉ። ከእብናት ድረስ ሰው ሌማት ሊያሠራ ይመጣባቸው ነበር።

ያን ዓመት መኸር ላይ ስፌት ያስተምሩኝ ጀመር። ወስፌውን ትወጊያለሽ፣ በቀዳዳው ስንደዶውን ታሳልፊያለሽ፣ ትስቢያለሽ፣ እንደገና ትወጊያለሽ። ሌላ ነገር የለውም። ስንደዶው እንዳይሰበር ውኃ ስለሚነከር ቤቱ ሁሉ እርጥብ ሣር ይሸት ነበር። የምሰፋው ሙዳይ ነው። የራሴን ሙዳይ፤ ባል ቤት ይዤው የምሄደውን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ እኔ የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ማኅበር ላይ ጠላ ሲጠጣ፣ ከገሳይ ማዶ ላሉ ሰዎች ቃል ሰጥቶብኛል። «ጡቷ ሲያጎጠጉጥ ትወስዷታላችሁ» ብሏል። ማንም አልደበቀኝም፤ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚባለው ነበር እቤት ውስጥ የሚነገረው። ልጁን አይቼው አላውቅም። ቀይ በቅሎ እንዳላቸው ግን ሰምቻለሁ፤ ስለ በቅሎዋ ብዙ ስለሚወራ የምሄደው ለእሷ ይመስለኝ ነበር። በቅሎ ደግሞ እፈራለሁ።

ጡት ማጎጥጎጥ ምን እንደሆነ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ሊያስረዳኝ የሚችለው አንድ ሰው ዘነቡ ናት። ዘነቡ የጎረቤታችን ልጅ፣ በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ፣ አምና ተድራ በሦስተኛ ወሯ ከባሏ ቤት አምልጣ በእግሯ የመጣች ናት። «እዚያ ምን አለ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ምንም» አለችኝ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ጠጠር ስትጫወት አንድም ቃል አልተነፈሰችም። እኔም ምንም የሌለበት ቤት መሄድ አልፈለግሁም።

የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት እቴቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እኔን ጥጃ እንድጠብቅ ተዉኝ። በዓል ነው፣ ሥራ አይነካም። እኔ ግን የሙዳዬ ክዳን ሊዘጋ ሦስት ዙር ብቻ ቀርቶት ነበርና አላስችል አለኝ። በሩን ገርበብ አድርጌ መስፋት ጀመርኩ። አንዱን ዙር ጨረስኩ። ሁለተኛው ላይ ወስፌው ክዳኑን በርቅሶ አልፎ ግራ እጄ መሐል ጣት ላይ፣ ጥፍሬ ሥር ገባ። ስነቅለው የስንደዶ ስንጥር ተሰብሮ ውስጥ ቀረ። አንዲት ጠብታ ደም ክዳኑ ላይ ወደቀች፤ በምራቄ አሸሁት፣ ባሰበት።

ገብርኤል በበዓሉ እንደሠራሁ አይቶ በገዛ ወስፌዬ እንደ ወጋኝ አላጠራጠረኝም። ዋጋዬን አግኝቻለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ጣቴን ማሳየት ማለት ገብርኤልን መሻሬን ማውጣት ነበር።

ጣቴ ቀላ፣ አበጠ፣ ጥፍሬ ሥር ነጭ ነገር ቋጠረ። የልብ ምት ያለው ይመስል ለብቻው ትር ትር ይል ነበር። በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ቅሉን ልሸከም ክንዴን ሳነሣ ግራ ብብቴን አንዳች ነገር ወጋኝ። ዳሰስኩት። ባቄላ የሚያህል ነገር ቆዳዬ ሥር ተቀምጧል።

ዘነቡን ወንዝ ዳር አገኘኋት። ስለ ጣቴ አልነገርኳትም፤ ጣትና ብብት ምን ያገናኛቸዋል? ስለ ብብቴ ብቻ ነገርኳት።

«ያማል?»

«ሲነካ ነው።»

«ይንቀሳቀሳል?»

«ሸሸት ይላል።»

ዘነቡ እንደ ባልቴት ራሷን ነቀነቀች። «ጡትሽ ነው።»

«እዚህ?!»

«መጀመሪያ ብብት ነው የሚያርፈው። ከዚያ እየተንፏቀቀ ወደፊት ይመጣል። የኔም በዚያ ነው የመጣው።»

«ስንት ቀን ይፈጅበታል?»

«የኔ ሳምንትም አልፈጀበት።»

በዚያው ቀን አባቴ ምሳ እየበላ ለእቴቴ፣ «እመት አንጓች በገና ማግሥት ልጅቱን ላያት እመጣለሁ ብላ ልካለች። ደርሳ ከሆነ በዚሁ በጥር ይሁን ነው የሚሉት» ሲል ሰማሁ። እመት አንጓች የልጁ እናት ናቸው፣ የቀይዋ በቅሎ ባለቤት። እቴቴ፣ «ገና ልጅ ናት» አሉ። አባቴ ወጡን እያየ፣ «ቃል ሰጥቻለሁ፤ እነሱ ካልተዉኝ እኔ ምን አፍ አለኝ?» አለ።

ገና ሊደርስ የቀረው ከሳምንት በታች ነው። ጓዳ ገባሁና የእቴቴን አሮጌ መቀነት ደረቴ ላይ፣ ብብቴ ሥር አጥብቄ ጠፈርኩት። መንገዱን ልዘጋበት ነው። ክንዴንም ቀን ከሌት ከጎኔ አልለየውም። አንድ ክንፏ የተሰበረ ዶሮ መስዬ ሦስት ቀን ከረምኩ።

ገና ሦስት ቀን ሲቀረው እቴቴ አዲስ ቀሚስ ሊለኩብኝ ጠሩኝ።

«እጅሽን አንሺ።»

ቀኙን አነሣሁ።

«ያንንም።»

«በዚህ ብቻ አይበቃም?»

«ምነው፣ ባንድ እጅ ነው የምትለብሺው? አንሺ እንጂ አንቺ!» ብለው ራሳቸው ሲያነሡት ጮህኩ። መቀነቱንም አገኙት። ፈቱት። «ማነው እንደ ሐሙሲት ገበያ በግ የጠፈረሽ?»

ያኔ ለቅሶዬ መጣ። «እቴቴ፣ ጡቴ መጣ! እመት አንጓች እንዳያዩብኝ መንገዱን ዘግቼበት ነው!»

እቴቴ ብብቴን ዳሰሱ። ፊታቸው መጀመሪያ ጨፍገግ አለ፣ ከዚያ ሳቅ ያዛቸው፣ ከዚያ ስንደዶው ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ጡት በብብት በኩል ሾልኮ ይመጣል ያለሽ ማን ነው?»

«ዘነቡ።»

«ዘነቡ! እሷስ ያላት የትኛው ነው? እስቲ ነይ።» ሁለት ጣታቸውን ብብቴ ውስጥ አድርገው ያችን ባቄላ ወዲህ ወዲያ አደረጓት። «ይኸ ንፍፊት ነው። ሲነኩት ያማል፣ ሲገፉት ይሸሻል፤ ደግ ነው። የሚያስፈራው እንደ ጠጠር የደረቀው፣ የማያመው፣ ከቦታው አልነቃነቅ የሚለው ነው። ንፍፊት ደግሞ ያለ ባለቤት አይመጣም። የእግር ቁስል ብሽሽት ላይ ያወጣል፣ የራስ ቁስል አንገት ላይ፣ የእጅ ቁስል ብብት ላይ። በይ ባለቤቱን አሳዪኝ።»

እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ።

«ይታይሽ!» ብለው በስሜ ጠሩኝ።

ሰጠኋቸው። የገብርኤልንም ጉድ አብሬ አወጣሁት። እቴቴ ጣቴን እያገላበጡ፣ «ገብርኤል ስንት ሥራ እያለው የአንቺን ጣት ሲወጋ ይውላል» አሉና ውኃ ጣዱ።

ጨው የገባበት ሙቅ ውኃ ውስጥ ጣቴን ነከሩት። ወስፌውን እሳት አስያዙት። ከዚያ እጄን ጭናቸው ላይ አጋድመው ጎንበስ ብለው አዩት፤ የስንጥሩ ጫፍ በቆዳዬ ውስጥ እንደ ጥላ ይታያል። ሊያወጡት ወስፌውን አስጠጉ። ቆሙ።

«ይታይሽ።»

«አቤት።»

«ይኸን አሁን ባወጣው ንፍፊቱ እየሟሸሸ ይጠፋል።»

«ይጥፋ!»

«ይጥፋ። እመት አንጓች መጥታ ታይሻለች። ጤነኛ ነሽ፣ ስፌት ይዘሻል። ጡት ባይኖርሽም ‹እኔው ቤት ትደግ› ትላለች። ለዘነቡም እንዲያ ነው ያሏት።»

ጣቴን አየሁት።

«ሳላወጣው ብብትሽን ከነካች ግን ንፍፊት ታገኛለች። እሷም እንደኔ ባለቤቱን ትፈልጋለች። ካጣችው አትወስድሽም።»

«ለምን?»

«ባለቤት የሌለው ንፍፊት ያለባትን ልጅ ማን ይወስዳል? ደሟ ነው፣ ዘሯ ነው ይላሉ። ቤታቸው አያስገቡም።» ወስፌውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «አራት ቀን ነው። ያምሻል። ቀይ መሥመር በክንድሽ ሽቅብ ከወጣ፣ ወይ ካንቀጠቀጠሽ፣ ሴትዮዋ በር ላይ ቆማም ቢሆን አወጣዋለሁ። እንግዲህ ጣቱ ያንቺ ነው። ላውጣው ወይስ ይቆይ?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ትልቅ ሰው ስለ ምንም ነገር አስተያየቴን ጠይቆኝ አያውቅም። ራት ምን ትበያለሽ እንኳ ተብዬ አላውቅም። ደንግጬ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

«ይቆይ» አልኩ።

ዛሬ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ባይ ራሴ ነኝ ልጅቱን ይዤ ጤና ጣቢያ የምሮጠው። መግል አጥንት ድረስ ይገባል፣ ደም ውስጥ ይገባል፤ በአንዲት ስንጥር የሞተ ሰው አውቃለሁ። እቴቴም ያውቁ ነበር። በቀን ሦስት አራት ጊዜ እጅጌዬን ሰብስበው ክንዴን እስከ ትከሻዬ ያዩ ነበር፤ ግንባሬን በጉንጫቸው ይለኩ ነበር። እኔም መሥመሩ መጥቶ ይሆን እያልኩ ክንዴን ሳይ እውል ነበር። አንድ ጊዜ የቀሚሴ ክር አስደንግጦኛል።

በማግሥቱ እቴቴ ከወንዝ ዳር የእንሶስላ ሥር ቆፍረው መጡ። አጥበው ወቀጡት። ሁለቱንም እጄንና እግሬን ቀብተው በጉሎ ቅጠል ጠቀለሏቸው። «ባንድ እጅ ብቻ ብትሞቂ ትጠረጥራለች» አሉ። ሌላው ጣት ቀዝቀዝ ብሎት ነበር፤ ያኛው ግን ፍም የያዝኩ ያህል ተቃጠለ። ቀኑን ሙሉ ባለ አራት ኳስ ሆኜ ተቀመጥኩ፤ ጨጓራ የመሰለ ቅጠል ውስጥ፣ ያ እርጥብ አፈር ሽታ ከመግሉ ጋር ተቀላቅሎ። እቴቴ እንጀራ እየጠቀለሉ አጎረሱኝ። አባቴ ገብቶ አየኝና፣ «ምነው፣ ሰርጉ ዛሬ ሆነ እንዴ?» አለ። «ገና አይደል? ልጅ አይደለችም? ትሙቅ!» አሉት።

ቅጠሉ ሲፈታ ጣቶቼ ሁሉ እስከ አንጓቸው የበሰለ እንጆሪ መስለዋል። የታመመችውን ከደኅናዎቹ ለመለየት እኔም መቁጠር ነበረብኝ። በጨው ውኃው እብጠቱም ቀለል ብሏል። ንፍፊቱ ግን እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ወንድም አበጅቷል።

የቀረው እኔ ነበርኩ። እቴቴ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ አፍንጫቸውን ያዝ አድርገው፣ የእመት አንጓችን ድምፅ እያወጡ ከደጅ ይገቡ ነበር።

«እንዴት ዋልሽ የኔ ልጅ? እጅሽን እስቲ» ብለው ጣቶቼን አንድ በአንድ ይጫናሉ። «ምን ተሰማሽ?»

«አመመኝ።»

«ተሳሳትሽ። ምንም አልተሰማሽም። እንደገና።»

«ምንም።»

«አፍሽ ምንም ይላል፣ ቅንድብሽ ያመኛል ይላል። እንደገና።»

ይህን ዐሥር ጊዜም ሃያ ጊዜም አድርገናል። በሳቅና በእንባ መካከል ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ዘዴ አገኘሁ፤ ሲጫኑኝ ቤቱ ጣሪያ ላይ ያሉትን ወጋግራዎች መቁጠር። ዓይኔ እዚያ ከሄደ ፊቴ ባዶ ይሆናል። እቴቴ፣ «አዎ፣ አሁን ፈዛዛ መሰልሽ። እንዲያ ሁኚ» አሉኝ።

በገና ማግሥት ረፋድ ላይ እመት አንጓች መጡ። በቅሎዋ እንደተባለው ቀይ ናት። አባቴ ሊያስርላቸውና ገለባ ሊሰጣት ወደ ጋጣ ሄደ። እኔ ትልቅ፣ አስፈሪ ሴትዮ ነበር የጠበቅሁት፤ የገቡት አጭር፣ ሳቂታ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው። አሳዘኑኝ። እንደዚህ ያለ ሰው ማታለል እንዴት ይቻላል ብዬ አሰብኩ።

«ነይ እስቲ የኔ እናት፣ ሳሚኝ» አሉኝ። ጎንበስ ስል አቀፉኝ፣ እጃቸውም ሳላውቀው በቀሚሴ ስፋት ገብቶ ደረቴን ዳሰሰ፣ ወደ ቀኝ ብብቴ፣ ወደ ግራው። እዚያ ቆመ። ሳቃቸው አልጠፋም፣ ጣታቸው ግን ሥራ ጀመረ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«የቷ?» አሉ እቴቴ።

«ይቺ ንፍፊት።»

«ውይ፣ ንፍፊት አለባት እንዴ?»

እመት አንጓች ወደ ብርሃኑ፣ ወደ በሩ አቀረቡኝ። አንገቴን አዩ፣ ትከሻዬን፣ ክርኔን። ፀጉሬን ገልጠው ቅማል የበላው እንዳለ ፈለጉ። ከዚያ ወደ እጄ መጡ። «ሞቀሻል፣ አማረብሽ» አሉ። ቀኜን ተዉት። የግራዬን አውራ ጣት ያዙና ጫን አደረጉ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

አንድ ወጋግራ፣ ሁለት ወጋግራ።

ሌባ ጣቴን። ሦስት፣ አራት። አራተኛው የሸረሪት ድር አለበት።

መሐል ጣቴን ሲጫኑት ከጣቴ ተነሥቶ በክንዴ በኩል እስከ ጥርሴ ድረስ አንድ ነገር ሄደ። ጆሮዬ ጮኸ። አምስት። አምስተኛው ወጋግራ ላይ ነኝ። እሱን ብቻ ነው የማየው፤ ጎባጣ ነው፣ አንድ ጎኑ ጥላሸት የያዘ ነው። ስድስተኛውን ላገኘው አልቻልኩም። እመት አንጓች ጣቴን ለቀቁ፣ የቀለበት ጣቴን ያዙ፣ ትንሿን ያዙ። ጨረሱ።

«ምንም የላትም» አሉ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ወደ እቴቴ ዞሩ። ሳቃቸው አሁን የለም። «እናቷ በምን ነበር የሞተችው?»

«በወሊድ።»

«በወሊድ ብቻ?»

«በወሊድ ብቻ።»

«ጥሩወርቅ፣ እኔም ልጅ አለኝ። አይፍረዱብኝ። በዚህች ክንድ ላይ ቁስል ነበረ በሉኝና እኔ ዛሬውኑ ለሰርጉ ጌሾዬን ልውቀጥ። ከሌለም የለም በሉኝ። ግን ይማሉልኝ።»

እቴቴ ከመደቡ ተነሡ። ቁመታቸው ቤቱን ሞላው። «በአባቴ አጥንት፣ ቁስል የለባትም» አሉ።

እመት አንጓች ግንባሬን ሳሙኝ፤ ስመው ሲያበቁ ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጠረግ አደረጉ። የቀረበላቸውን ጠላ አንድ ጊዜ ብቻ ተጎንጭተው ጉልበቴን አመመኝ ብለው ተነሡ። በቅሎዋ ገለባዋን እንኳ አልጨረሰችም።

ገና ከጓሮው ሳይርቁ እቴቴ ወስፌውን እሳት አስያዙት። አባቴ እየሸኛቸው ነበር። ጨው ውኃ ውስጥ ነክረው፣ እኔን ከበሩ መቃን ጋር አስደግፈው፣ «አሁን ጩሂ፣ የፈለግሽውን ያህል» አሉኝ። መጮህ አቃተኝ። መግሉ ወጣ፣ ከዚያ ስንጥሩ፤ የገብስ ፂም ታክላለች። እቴቴ መዳፋቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩዋትና እሳቱ ውስጥ ጣሏት። ጣቴን አሥረው ሲጨርሱ እኔን ጥለው ወደ ጓሮ ወጡ። 

በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ከገሳይ መጣ። ቆሞ ነው ያወራው። «በሌላ በኩል ዝምድና አግኝተናል፣ ቃሉን ፈትተንልሃል» አለ። አባቴ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ሽማግሌው ሲሄድ ወደ ጋጣ ገብቶ ለበሬዎቹ ሙሉ ቁና ገብስ ሲሰጣቸው አየሁት። በሥራ ቀን እንኳ እንዲያ አያበላቸውም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ንፍፊቱን በየቀኑ እዳስሰው ነበር። ባቄላው አተር ሆነ፣ አተሩ ምስር፣ ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ፈልጌ አጣሁት። የልብ ጓደኛ የተለየኝ ያህል ግራ ገባኝ። ጥፍሬም ከነቀለሟ ተነቅላ ወደቀች።

ለጥምቀት አባቴ በግ አረደ። እቴቴ ግን ሥጋውን ሠርተው ለሁላችን አቀረቡና ለራሳቸው ሽሮ አወጡ። በማግሥቱም ሽሮ። ወተትም አይቀምሱም። አባቴ፣ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲላቸው፣ «ሆዴን አልተስማማኝም» ይሉታል። እኔ ሰርጉ ስለ ቀረ ያዘኑ መሰለኝ። ላጽናናቸው ብዬ፣ «እቴቴ፣ ሌላ በቅሎ ያለው ሰው ይመጣ ይሆናል» አልኳቸው። «አፍሽን ዝጊ» አሉኝና ሳሙኝ።

አንድ ቀን ውድማ ላይ ገብስ ሲበራይ አባቴ ላይዳውን እንዳቀብለው ጠራኝ። ሰጠሁት። ላይዳውን ሊቀበል የዘረጋው እጅ የኔን ጣት ያዘ። እንሶስላው ለቅቆ አልቋል። ጣቴ ጫፍ ላይ ጠባሳ አለ፣ ከሥሩም አዲስ ጥፍር ቀጭን ሆኖ እየበቀለ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሁሉ ከበሬ ሰኮና እሾህ ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው።

«ይቺ መቼ ነው?»

«ትናንት» አልኩ።

«ትናንት ቆስለሽ ዛሬ ጥፍር በቀለልሽ?»

 ጣቴን ለቀቀ። እመት አንጓች ሲሸኛቸው ስለ ንፍፊቱ ነግረውት ኖሯል፣ ብብቴን በዓይኑ አየት አደረገ፣ ደግሞ ጣቴን። ከዚያ ላይዳውን ገብሱ ላይ ሰክቶ እቴቴ ወደሚነፉበት ወደ ውድማው ዳር ሄደ። ተከተልኩት።

«ጥሩወርቅ።»

«ወይ።»

«ሴትዮዋ አስምላሻለች?»

እቴቴ እኔን አዩኝ፣ ጣቴን አዩ፣ ወንፊቱን ግን አላቆሙም። «አስምላኛለች።»

«በምን ማልሽ?»

«በአባታችን አጥንት።»

ገለባው በመካከላቸው ይበናል። አባቴ ጎንበስ ብሎ ከመሬት አንዲት ዛላ አነሣ፣ በመዳፉ አሽቶ እፍ አላት። ይመታቸዋል ብዬ የእቴቴን ቀሚስ ያዝኩ።

«ለነፍስ አባትሽ ተናግረሻል?»

«ተናግሬያለሁ።»

«ስንት ሰጡሽ?»

«አርባ ቀን።»

«ስንት ቀረሽ?»

«ሠላሳ።»

«ግማሹን ለኔ ስጪኝ።»

እቴቴ አሁን ወንፊቱን አቆሙ። «ንስሐ የገብስ ጭነት መሰለህ፣ በሁለት አህያ የሚከፈል?»

«አጥንቱ የኔም አባት አጥንት ነው» አለና ወደ ላይዳው ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበታው ላይ ሁለት የሽሮ ወጥ ይቀርብ ነበር። ስለ ምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁም። በጉ ገና አላለቀም፤ ቋንጣው ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ላሟም ታልባለች። የአባቴንም የእቴቴንም ድርሻ እኔ በላሁት። ሁለቱ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ሽሯቸውን እያጠቀሱ፣ እኔ መሐል ሆኜ አጥንት ስግጥ፣ ወተት ስጠጣ ከረምኩ። ዘነቡ እንኳ አይታኝ፣ «ወፈርሽ» አለችኝ።